ላስቲክ ከመደረብ በፊት፦ የሚንቀሳቀሱ የእንጨት ሞዴሎች በድሬዳዋ ሙቀት

ሞዴሉ ተገጣጥሞ አልቋል። ላስቲኩ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ ግን ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ ይላል። ጀማሪ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ላስቲክ ይደርብበታል። ትንሽ ይሄዳል። ሦስተኛ ሲደረብ ወይ ዘንጉ ይሰበራል ወይ የጊሩ ጥርስ ይረግፋል። ሞዴሉን ያቆመው ፍትጊያ ነው፤ ጉልበትማ ነበረው። ፍትጊያው ደግሞ የሚገባው መጨረሻ ላይ አይደለም፤ ክፍሉ ከሰሌዳው ሲነቀል፣ ዘንጉ ሲቆረጥ፣ ሻማው ሲቀባ ጀምሮ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ፣ ድርቀቱና አቧራው የየራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ የፋብሪካው መመሪያ እነዚህን አያውቃቸውም።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ኪቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ኮምፔርሳቶ ላይ በሌዘር ተቆርጠው፣ ግን ከሰሌዳው ሳይነቀሉ የሚመጡ ክፍሎች ናቸው። ብዙዎቹ ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር እርስ በርስ ይሰካካሉ፤ የአንዱ ምላስ የሌላው ማስገቢያ ውስጥ ይገባል። ዘንጎቹ ከስቴኪኒ ብዙም የማይበልጡ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው፤ ሞተሩ ላስቲክ ነው። ስማቸው በብዛት የሚነሳው የዩክሬኑ ዩጊርስና የቻይናው ሮከር ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 ክፍል ያልበለጠ ምረጡ። የዩጊርስ ትራክተር 97 ክፍል ነው፤ የእንፋሎት ባቡሩ ከነጋሪው 443። ድሬ አድጎ ባቡሩን ትቶ ትራክተር የሚመርጥ ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ትራክተሩ ላይ የተሳሳታችሁትን በአንድ ምሽት ፈታችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ባቡሩ ላይ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ሁለት መቶ ክፍል ከተደረበበት በኋላ ነው።

እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት ይተፋል። ኮምፔርሳቶ ስስ ንብርብሮቹ አንዱ በቁም፣ አንዱ በአግድም ሆነው ስለተጣበቁ በርዝመቱና በወርዱ ብዙም አይለወጥም፤ በውፍረቱ ግን ይሳሳል፣ ያብጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,850 አካባቢ። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ተከፍቶ የከረመ ሰሌዳ ይደርቅና ምላሱ ማስገቢያው ውስጥ ላላ ይላል። ያው ኪት በነሐሴ ጀጎል ውስጥ ቢከፈት ይጠብቃል፤ ጣት እስኪላጥ ቢገፉት አልገባ ይላል። ስለዚህ አላልተው ወይም አጥብቀው ቆርጠውታል ብሎ ፋብሪካውን ከመውቀስ በፊት ወሩን ማሰብ ነው። መላው ቀላል ነው፦ ሰሌዳዎቹ ከፕላስቲካቸው አይውጡ። ለዛሬ ሥራ የሚያስፈልገውን ሰሌዳ ብቻ አውጡ፤ ስትጨርሱ መልሱና አፉን በፕላስተር አሽጉ።

የተጣመመ ሰሌዳ ከገጠማችሁ ጎድጎድ ያለውን ፊት እዩ፤ ቀድሞ የደረቀውና የተሰበሰበው እሱ ነው። በውኃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ በዚያ ፊት ላይ አንድ ጊዜ አሳልፉበት፤ ከዚያ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል አድርጋችሁ መጽሐፍ ወይም ሁለት ሙሉ የውኃ ጀሪካን ጫኑበትና አሳድሩት። ውኃ ውስጥ መንከር የለም፤ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም የለም፤ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

የሥራው ሰዓት ማለዳ ወይም ማታ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር አይቀመጥም፤ ቬንትሌተር ባለበት ደግሞ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ማቆሚያ ቀለበቶች ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። በርጫው ትዕግሥቱን ይሰጥ ይሆናል፤ የእጅ ላቡ ግን ከሌዘሩ ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ሞዴሉን ያጠቁረዋል። ጥልቀት ያለው ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ በላዩ ሥሩ። የወደቀው አይጠፋም፤ ጥቁር ጠርዙም ነጩ ላይ ቶሎ ይታያል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ስለታም ከተር፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ባለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ሻማ፣ እርሳስ፣ የእንቁላል ካርቶን።

አሁን ወደ ንቀላው። እያንዳንዱን ክፍል ሰሌዳው ላይ የያዙት ሌዘሩ ሳይቆርጣቸው የተዋቸው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ድልድዮች ናቸው። ክፍሉን በጥፍር ከአንድ ጫፉ ፈንቅሎ ማንሳት ትልቁ ስህተት ነው፤ ጫናው ሁሉ መጨረሻ በቀረው ድልድይ ላይ ይወድቅና የላይኛውን ንብርብር ይዞ ይላጣል። ሰሌዳውን አዙራችሁ ድልድዮቹን በከተር ጫፍ ንኩ፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ድልድዩ አጠገብ ግፉ፣ ተራ በተራ። ቀጭንና ረጅም ክፍል፣ ለምሳሌ መንጠቆ፣ ጨርሶ አይገፋም፤ ድልድዩ በከተር ተቆርጦ ራሱ ይውደቅ። የክፍሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሰሌዳው ላይ እንጂ ክፍሉ ላይ አይደለም። ሁሉንም አንዴ ነቅሎ ከምሮ መጀመር እንግዲህ ዶሮ ሳይበለት ላባውን ቆጥሮ እንደመለየት ነው፤ አራት ዓይነት ተመሳሳይ ጊር እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ የጥርሳቸው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት። የዛሬውን ደረጃ ክፍሎች ብቻ ንቀሉ፤ ከአሥር በላይ ከሆኑ ቁጥራቸውን በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ ጻፉባቸውና እንቁላል ካርቶኑ ላይ ደርድሩ።

ድልድዩ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀራል። ጊር ጥርስ ላይ ከሆነ ያ ጉብታ በየዙሩ አንድ ጊዜ ቸክ ያደርገዋል። የጥፍር ሞረዱን ጉብታው ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉ፤ ጥርሱን ሁሉ አትሞርዱ። ጥርሶቹ የተሰሉት ሌዘሩ ካቃጠለው መስመር ጋር ነው፤ እያንዳንዱን ጥርስ ትንሽ ትንሽ ስትልጉት እርስ በርሳቸው መያዛቸው ይላላል፣ ከዚያ ኃይል ሲመጣባቸው ይዘላሉ። ጥላሸቱን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ ውኃ አያስፈልግም።

ዘንግ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሞዴሉ የሚሄደውም የማይሄደውም እዚህ ነው። ኪቱ ይዞት የሚመጣውን እንጨት አንድ በአንድ መስታወት ላይ አንከባሉት። የሚያነክስ ከሆነ ጠማማ ነው፤ ለማቆሚያ ችንካር ተውትና ለዘንግ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ሲያልቅባችሁ የሬስቶራንት ስቴኪኒ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ጫፎቹ ስለሚሾሉ መሃሉን ብቻ ነው የምትወስዱት፤ አንድ ፓኬት ውስጥም ውፍረቱ ይለያያል። ሰሌዳው ላይ ካለ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ እየሰደዳችሁ ምረጡ፤ በራሱ ክብደት የሚያልፈው ቀጭን ነው፣ በኃይል የሚገባው ወፍራም ነው፣ በሁለት ጣት ሲገፋ የሚያልፈው ትክክለኛው ነው። በመቀስ አትቁረጡ፤ ጫፉ ይሰነጠቅና ስንጥቁ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይሆናል። የከተሩን ስለት አስቀምጣችሁ ዘንጉን ከሥሩ አንከባሉት፤ ዙሪያውን ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ መኖሩን ልብ በሉ። ክብ ያልሆነው፣ አራት ማዕዘን ወይም መስቀል መሳዩ፣ ጊሩና ዘንጉ አብረው እንዲዞሩ የተሠራ ነው፤ እሱ መጥበቅ አለበት። ክቡ ደግሞ ዘንጉ በነፃነት እንዲዞርበት ነው፤ እሱ ከጠበቀ ሞዴሉ አይሄድም። ጠባብ የሆነውን ክብ ቀዳዳ በቢላ ጫፍ ወይም በምስማር ማስፋት አይገባም፤ ከመሃሉ ይወጣና ጊሩ ይወላገዳል። ቀዳዳውን ተውት፣ ዘንጉን አሳሱት፦ በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ በሁለት ጣት አምስት ስድስት ጊዜ አሽከርክሩት፣ ሞክሩት፣ እንደገና።

ሻማ። መመሪያው ላይ ሻማ የተሣለበት ቦታ ሁሉ ሳይዘለል ይቀባል፤ ያልተሣለበትም፣ እንጨት ከእንጨት ጋር እየተነካካ የሚዞርበት ከሆነ፣ ይቀባል። የሚቀባው ነጩ የሱቅ ሻማ ነው፤ ፓራፊን ነው፣ ሲደርቅ ያሟልጫል። ጧፍ አይሆንም፤ የንብ ሰም ተለጣፊ ነው፣ ጊሩን ከማንሸራተት ይልቅ ይይዘዋል። የቀለጠ ሻማ ማፍሰስም አይሆንም። ደረቁን ሻማ ዘንጉ ላይ አራት አምስት ጊዜ አሹት፤ ክቡ ቀዳዳ ውስጥ አስገብታችሁ አሽከርክሩ፣ አውጡት፣ ጥቁሩን ትራፊ ጥረጉ፣ እንደገና አሹት። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፁ ይለወጣል፤ ይጮህ የነበረው ዝም ይላል። ያ ነው ምልክቱ። የጊሩንም ሁለት ፊት፣ ከግድግዳው ጋር የሚነካካበትን መሃል ክብ፣ አትርሱ። ጥርሶቹ ላይ ግን በስሱ፤ ከበዛ በጥርሶቹ መካከል ይጠራቀምና ጠንክሮ ጊሮቹን እርስ በርስ ያገፋፋል።

የስፌት ማሽን ዘይትስ ለሚል፣ ሐረር መኪና ግርግር መንገድ ላሉት ልብስ ሰፊዎች ተዉላቸው። ብረት ላይ የሚሠራ ዘይት እንጨት ውስጥ ይሰርጋል፤ ላዩ ላይ የቀረው ደግሞ የድሬን አቧራ ሰብስቦ ከብርጭቆ ወረቀት የማይተናነስ ሊጥ ይሆናል። የምግብ ዘይትም ያው ነው፤ ሲቆይ ይሙለጨለጭ የነበረው ይጣበቃል።

ፍትጊያ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከላስቲኩ የሚነሳው ባለ 24 ጥርስ ጊር ባለ 8 ጥርሱን ይነዳል፤ ከባለ 8ቱ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ያለው ሌላ ባለ 24 ደግሞ ሌላ ባለ 8 ይነዳል እንበል። ላስቲኩ በኩል አንድ ዙር ሲዞር ጎማው በኩል 9 ዙር ይሆናል። ፍጥነቱ በ9 ሲባዛ ጉልበቱ ለ9 ይካፈላል። በተቃራኒው ሲታይ፣ ጎማው ዘንግ ላይ ያለች ትንሽ መያዝ ላስቲኩ ዘንድ ስትደርስ 9 እጥፍ ሆና ነው። ላስቲኩ አጠገብ ያለው ወፍራም ዘንግ ቢጮህም ሞዴሉ ሊሄድ ይችላል፤ በፍጥነት የሚሽከረከረው የመጨረሻው ዘንግ ግን ትንሽ ከያዘ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ሻማ ስትቀቡም፣ ችግር ስትፈልጉም ከፈጣኑ ጫፍ ጀምሩ። ብዙ ሰው ከላስቲኩ ይጀምራል፤ ጊዜው የሚባክነው እዚያ ነው። ሌላም ስሌት አለ፦ በየደረጃው 10 በመቶ ጉልበት ቢጠፋ ከሦስት ደረጃ በኋላ 73 በመቶ ይቀራል፤ 20 በመቶ ቢጠፋ ግን 51 ብቻ። ሻማ የተቀባና ያልተቀባ ሞዴል ልዩነታቸው እንዲህ ነው የሚመጣው።

እያንዳንዱ ንዑስ ክፍል እንዳለቀ፣ ላስቲክ ሳይገባበት፣ በጣት ሙሉ ዙር አዙሩት። ሙሉ ዙር ስንል ከሁሉም የዘገየው ጊር አንድ ጊዜ እስኪዞር ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ጉብታ ወይም የተወላገደ ጥርስ ነው፤ ያን ጥርስ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በሁሉም ቦታ እኩል የሚከብድ ከሆነ ግድግዳዎቹ ጊሩን ጨብጠውታል፤ ምላሶቹ እስከ መጨረሻው ተገፍተው ዘንጉ አጥሯል ማለት ነው። በጊሩና በግድግዳው መካከል የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ ወረቀት ቆርጣችሁ አስገቡበት፣ ሳይቀደድ ከወጣ ደህና ነው። ዙሩን የምታልፉት ሁለቱም አቅጣጫ ላይ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ ያዘነበለ ነው።

ባቡር ለሚገጣጥሙ አንድ የተለየ ነገር። በ1902 እ.ኤ.አ. አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር ዘመን ሎኮሞቲቮች ጎማዎቻቸው በማያያዣ ዘንግ የተጣመሩ ነበሩ። በእውነተኛው የእንፋሎት ባቡር የግራና የቀኙ ክራንክ፣ ማለትም ፒስተኑ ጎማውን የሚያዞርበት ክንድ፣ በ90 ዲግሪ ይለያያሉ፤ አንዱ ፒስተን ጫፉ ደርሶ መግፋት በማይችልበት ቅጽበት ሌላው መሃል መንገድ ላይ ሆኖ ይገፋል። ሞዴል ላይ ዋናው ነገር በአንድ ጎን ያሉት ጎማዎች ፒን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከቱ ነው፤ የፊቱ ወደ ላይ ከሆነ የኋላውም ወደ ላይ። በአንድ ጥርስ እንኳ ከተዛነፈ ማያያዣው ዘንግ ግማሽ ዙር ድረስ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይቆልፋል። ፒኑ ባይሰበር ቀዳዳው ይሰፋል። መመሪያው ጊሮቹ ላይ ነጥብ ወይም ምልክት ካሳየ ያ ምልክት ለጌጥ አይደለም። ማያያዣውን መጀመሪያ ሳትችነክሩ አንጠልጥሉት፤ ጎማውን በቀስታ አዙሩ፤ በአራቱም አቅጣጫ ልቅ ከሆነ ብቻ ችንካሩን ምቱ። መዶሻ ሳይሆን የፒንሳው እጀታ ይበቃል።

ላስቲክ። የተፈጥሮ ላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ይሞታል፤ ወይ ይጣበቃል ወይ ይሰነጣጠቃል። ኪቱ ከረጅም መንገድ በኋላ ሲደርሳችሁ ላስቲኩን ሁለት እጥፍ ስቡትና ጠርዙን ብርሃን ላይ እዩ፤ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ካሉ አትጠቀሙበት፤ ሲበጠስ ስስ ክፍል ይመታል። ደህናውን ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ በተዘጋ ፌስታል፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። መተኪያ ሲያስፈልግ ገንዘብ የሚታሰርበት ላስቲክ ይሆናል፤ ግን ከአሮጌው ጎን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ርዝመቱንና ወርዱን አመሳስሉ፤ ወርዱ ሁለት እጥፍ የሆነ ላስቲክ ማለት ሁለት የተደረበ ማለት ነው። ከሳይክል ካላማዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ብዙ ሰው ይሞክራል። ሙቀቱን ከሁሉ የተሻለ የሚችለው እሱ ነው፤ ለማሰሪያም ጥሩ ነው። ለሞተርነት ግን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ካላማዳሪዎች የሚሠሩበት ቡቲል ጎማ የተሳበበትን ጉልበት ውስጡ ያስቀርና ሲለቀቅ ዝግ ብሎ ነው የሚመለሰው።

ጠምዝዞ ማሳደር ሌላው ጥፋት ነው። ላስቲኩ ይደክማል፤ ዘንጉም በሙቀት ውስጥ ተጎብጦ ሲያድር የጎበጠው አይመለስም። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አራግፉት።

ክፍል ቢሰበር አትደንግጡ፤ ግን ሱፐር ግሉውን ከዘንግ አጠገብ አርቁት፤ በእንጨቱ ጭረት ውስጥ ሰርጎ ቀዳዳው ድረስ ይሄዳል። ነጩ የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ስስ ተደርጎ ይቀባና በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ እስከ ነገ ይቀመጣል። የወጣ ትርፍ ኮላ ሳይደርቅ መጠረግ አለበት። ክፍሉ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ከደቀቀ ባዶ የቀረውን የሰሌዳ ፍሬም አትጣሉ፤ ከሞዴሉ ጋር እኩል ውፍረት ያለው እንጨት እሱ ብቻ ነው። አናጢ ቤት የምታገኙት ኮምፔርሳቶ 4 ሚሊ ከሆነ ለ3 ሚሊ የተቆረጠ ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። የተሰበረውን ገጥማችሁ ፍሬሙ ላይ በእርሳስ አዙሩበት፣ ቀዳዳውን ቀድማችሁ ብሱ፣ ከዚያ ውጩን በሰጌቶ ምላጭ ቁረጡ። ቀዳዳውን በኋላ ከበሳችሁት ጠባቡ ጠርዝ ይሰነጠቃል። አንዳንድ ኪት ስስ ክፍሎችን ትርፍ አድርጎ ይሰጣል፤ ሰሌዳው ላይ ያለ ቁጥር የሌለው ወይም የተደገመ ክፍል ይኸው ነው።

ያለቀው ሞዴል መስኮት ላይ አይቀመጥ። የከሰዓቱ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ሻማው ይለሰልሳል፣ በላዩ ያረፈው አቧራ ውስጡ ይሰምጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይጠነክራል። የመስታወት ሳጥን ከሌለ የተገለበጠ ግልጽ ፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። ለወራት ቆሞ የነበረን ሞዴል ስታነሱ ላስቲኩን አስቀድማችሁ አትጠምዝዙ። ላስቲኩን አውጡ፣ በጥርስ ብሩሹ ከፈጣኑ ዘንግ ጀምራችሁ ጥረጉ፣ የጠቆረውን ሻማ በስቴኪኒ ጫፍ ጫሩ፣ አዲስ ቀቡ፣ በጣት ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ አዙሩ። ድምፁ ዝም ካለ ላስቲኩን መልሱ፤ አንዱን ብቻ።